ሁለት ምድጃ
ተከታታይ ታሪክ፣ ክፍል 3

ካለፈው የቀጠለ፦ የአሳንሰር ቴክኒሻኑ ፍሬው ከዱባይ በወር 4,500 ድርሃም የሚከፈልበት የሥራ ውል ደርሶታል። ሥራውን ያመቻቸለት እዚያው የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ሄኖክ ነው። ሄኖክ ለ«ጉዳይ ማስፈጸሚያ» የጠየቀው 250,000 ብር እስከ ዓርብ ቀትር ባንክ መግባት አለበት። በቤቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ባለፈው እሑድ ለሚስቱ ለሰብለ የወጣላት ዕቁብ ብቻ ነው። ሰብለ እሺም እምቢም ከማለቷ በፊት አንድ ምሽት ጠይቃለች።

*

ሐሙስ ማታ ልጆቹ እንደተኙ ሰብለ የእራቱን ጠረጴዛ ጠረገችና ደብተሯን ዘረጋች። የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ገጹን አስቀድማ ለሁለት አስምራዋለች። በአንዱ ወገን «ሲሄድ»፣ በሌላው «ሲቀር» ይላል።

የፍሬው እናት እማማ አስካለ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ወሩን ሙሉ «ልጄ ይሂድልኝ፤ እዚያ ወንድሙ አለለት» ሲሉ የከረሙት ሴትዮ ዛሬ ወሬ የላቸውም። ከመሸ ወዲህ የተናገሩት ሁለት ጊዜ ያንኑ ነው፤ «ነገ ዓርብ ነው፣ አይደል?»

«ይኼ ደግሞ ደብተር ይፈልጋል?» አለ ፍሬው። «ድርሃሙን በ40 ብር ያዢው። 180,000 ብር ነው። እዚህ ያለኝ 22,000። አለቀ።»

«22,000 የለህም» አለች ሰብለ ቀና ሳትል። «ከ14,000 በላይ ባለው ደመወዝህ ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው። ግብሩና 7 በመቶ ጡረታው ተቆርጦ እጅህ የሚገባው 14,810 ነው።»

«አየሽ? ጭራሽ ለእኔ ነው የመሰከርሽው።»

«ቆይ እንጂ። ቅዳሜና እሑድ ቦሌ ሕንጻ ለሕንጻ እየዞርክ የምትሠራውስ? በወር ከ9,000 አያንስም። ስትሄድ እሱም አብሮህ ይሄዳል።» 23,810 ብላ «ሲቀር» በሚለው ወገን ጻፈች። «አሠሪህ ለጡረታህ የሚያዋጣልህ 11 በመቶም አለ። እጅህ ስለማይገባ አልደመርኩትም እንጂ እሱም ይቆማል።»

ፍሬው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የሚናደድ ሰው አይደለም፤ ሲከፋው ድምፁ ይቀንሳል። «ሰብልዬ፣ እኔም ሒሳብ አውቃለሁ። ብሩ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ፣ ደመወዜ 14,000 ነበር። ያኔ ዶላሩ 57 ብር ነው፤ 245 ዶላር ግድም አገኝ ነበር ማለት ነው። አሁን 22,000 ነው፤ ዶላሩን 150 አድርጊው። 147 እንኳ አይሞላም። እድገት አገኘህ ብለሽ ዶሮ የሠራሽልኝ ለዚህ ነው። ያው ሠራተኛ ነኝ፣ ያንኑ ሞተር ነው የምፈታው። የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት… ተቀምጬ ምን ልጠብቅ?»

ሰብለ መልስ አልነበራትም። እውነቱን ነው። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሻይ ልትቀዳ ስትነሣ በሩ ተንኳኳ።

ሐያት ነበረች። ከሦስተኛ ፎቅ የወረደችው ሰብለ ስለጠራቻት ነው፤ ለዚህ ምሽት የሚያስፈልገው ሰው እሷ ናት። ዱባይና ሻርጃ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ዐረብኛውን ታነባለች። አሁን የካ አባዶ ብሎኩ ሥር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ስትመለስ ያገኘችው ቤት ካርታው በወንድሟ ስም ስለነበር ነው። ይህን በሰፈር የማያውቅ የለም፤ እሷ ግን ስትናገረው የሰማ የለም።

«እንደምን አመሻችሁ እማማ» ብላ የአሮጊቷን ጉልበት ነካችና ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ኦፈሩ የታለ?»

ፍሬው የታተመውን ወረቀት ገፋላት። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዐረብኛ ነው። ሐያት ከቀኝ ጀመረች፤ ጣቷ አንድ መሥመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«4,500 የሚለውን ማን ነገራችሁ?»

«ድምሩ ነዋ! ከታች ተጽፏል።»

«ድምሩ ልክ ነው። ከላይ ያለውን አንብበኸዋል? መሠረታዊ ደመወዝ 1,800። የቤት 1,200። የትራንስፖርት 500። ሌላ 1,000።» ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው። «ደመወዝህ 1,800 ነው ወንድሜ። የቀረው አበል ነው። ካምፕ አስተኝተውህ የቤቱን ይቆርጡታል፤ በኩባንያው አውቶብስ አመላልሰውህ የትራንስፖርቱን ይቆርጡታል። ‹ሌላ› የምትለዋን ደግሞ ምን እንደሆነች ሳትጠይቅ አትፈርም። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ሲወጣ የሚሰጡትስ?» አለች ሰብለ በፍጥነት። ፍሬው ራሱ የጻፈውን ቁራጭ ወረቀት ከደብተሩ ውስጥ አወጣች። ለሳምንት ሲከራከርበት የሰነበተው ይኸ ነበር፤ የሁለት ዓመት የአገልግሎት ክፍያ 252,000 ብር። «250,000ውን ይኸው ራሱ ይመልሰዋል» ሲላት ነበር የከረመው።

«በዓመት የ21 ቀን ነው የሚሰጡት» አለች ሐያት። «ልክ ነው፤ አምስት ዓመት እስኪሞላህ እንደዚያ ነው። ግን የሚታሰበው በመሠረታዊው ነው። በ4,500 አይደለም።»

ሰብለ እስክሪብቶዋን አነሣች። 1,800 ለ30፣ ሲባዛ በ21፤ 1,260። የሁለት ዓመት 2,520 ድርሃም። በ40 ብር 100,800።

«151,200 ብር ጠፋ» አለች። ፍሬው ቁራጭ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«እሺ፣ እሱ ይቅር። ወርኃዊውን አስቢ» አለ።

አሰቡት። ዴይራ አካባቢ ቤድ ስፔስ 800 ድርሃም፣ ሐያት እንደምትለው ስድስት ሰው በአንድ ክፍል። ምግብ 700። ትራንስፖርት 350። ስልክና ኢንተርኔት 150። ልብስ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት 200። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ከ4,500 ላይ ሲቀነስ 2,300 ይተርፋል፤ 92,000 ብር። ከዚህ ላይ ሰብለ እዚህ የሚቀረውን 23,810 ቀነሰች። እሱ ሲሄድ ልጆቹን የሚያመላልስ ሰርቪስና ግማሽ ቀን የምታግዝ ሠራተኛ 7,000 ብላ ያንንም ቀነሰች።

«61,190» አለች። «በጎው ሁሉ በጎ ሆኖ፣ በየወሩ የምንጨምረው ይኼን ነው።»

«ታዲያ ትንሽ ነው?»

«ትንሽ አይደለም። እኔ ትንሽ ነው አላልኩም።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። «ግን 250,000ውን ለመመለስ ብቻ ከአራት ወር በላይ ይወስዳል። ሐያት፣ የሙከራ ጊዜው ስንት ነው?»

«እስከ ስድስት ወር። በ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል።»

«በሦስተኛው ወር ቢያሰናብቱህ ዕቁቤም የለም፣ የቦሌዎቹ ደንበኞችህም ሌላ ሰው ይዘዋል፣ ይኼኛው መሥሪያ ቤትም ቦታህን አይጠብቅልህም። አበሉን ቆርጠው 1,800 ብቻ ቢሰጡህና ወጪህ እንዳለ ቢቀጥልስ? 1,800 ሲቀነስ 2,200። ፍሬው፣ እኔ ነኝ ዱባይ ብር የምልክልህ!»

ሐያት ሳትፈልግ ሳቀች። ፍሬውም ሊስቅ ነበር፤ እናቱ ላይ ዓይኑ ሲያርፍ ተወው። እማማ አስካለ መቁጠሪያውን መቁጠር አቁመዋል።

«ስድስት ወር ታግሼ እናንተን አመጣችኋለሁ» አለ ፍሬው፤ የመጨረሻ ካርዱ ይህ ነበር። «4,000 ድርሃም ያለው ሰው ቤተሰብ ማምጣት ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ይፈቅዳል» አለች ሐያት። «4,000፣ ወይም 3,000 ሆኖ ቤት ከተሰጠህ። ሕጉ ያስገባቸዋል፤ ማን ያኖራቸዋል? ሻርጃ ያለች አንዲት ስቱዲዮ ከደመወዝህ ግማሹን ትወስዳለች። የውጭ ሰው ልጅ የሚማረው በግል ትምህርት ቤት በክፍያ ነው። እኔ እዚያ ሳለሁ ሚስታቸውን አምጥተው በዓመቱ ተበድረው የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለት ምድጃ ማንደድ ይከብዳል፣ እውነት ነው። አንዱን እዚያ ማንደድ ግን ከሁለቱም ይብሳል።»

ከዚያ የሁሉንም ልብ ይዞ የቆየውን ጥያቄ ጠየቀች። «ለመሆኑ ይኼ 250,000 የምን ነው?»

«የቪዛ፣ የቲኬት፣ የጉዳይ ማስፈጸሚያ። ሄኖክ ነው ያለው።»

«ይኼን የሚከፍለው አሠሪው ነው! እዚያ ሠራተኛን ማስከፈል ክልክል ነው።»

«እዚህም» አለች ሰብለ። ቢሮ ውስጥ አትማ ያመጣችውን ወረቀት ከደብተሩ ሥር ሳበች። «አዋጅ ቁጥር 923፣ 2008። የመግቢያ ቪዛው፣ ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መድኑ፣ ሁሉም አሠሪው ላይ ነው። ከአንተ የሚወጣው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለው ነው። ሁሉም ተደምሮ ወደ 250,000 አይጠጋም።»

ፍሬው ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሐያት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እኔ አትሂድ አላልኩህም» አለችው በሩ ላይ ቆማ። «ሥራ ያለህ፣ ሙያ ያለህ ሰው ነህ፤ እዚያ የአሳንሰር ሠራተኛ ይፈለጋል። ሂድ። መሠረታዊው 3,000 ይሁንልኝ ብለህ ጠይቅ፣ ‹ሌላ› የሚለውን ስም ያውጡለት፣ ውሉንም ወስደህ ሥራና ክህሎት አጸድቀው። የምትልከው ብር ደግሞ በራስህና በሚስትህ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። በሌላ በማንም ስም አይግባ።» ማንም የሚለውን ስትል ወደ ማንም አላየችም።

በሩ ሲዘጋ ፍሬው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ሄኖክ ወንድሜ ነው፣ ሰብለ። እኔን ይበላኛል?»

«አላልኩም። ምናልባት እሱንም እያታለሉት ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ለእማማ ምንም አልላከም፤ ደውሎም አያውቅም። አሁን ግን ስለዚህ ብር በቀን ሦስት ጊዜ ይጽፍልሃል። እስኪ ደውልለትና ብሩ የሚገባው ኩባንያው ውስጥ ለማን እንደሆነ ጠይቀው።»

ፍሬው በኢሞ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። እንደገና ደወለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጽሑፍ ገባ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ወንድም ስብሰባ ላይ ነኝ። ነገ ቀትር ካለፈ ቪዛው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የድርጅቱ ወኪል ሒሳብ ይኸው፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።» ከሥሩ ረጅም የሒሳብ ቁጥር ነበር። አንብቦ ሳይጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይኸውልሽ። የድርጅቱ ወኪል ነው ይላል።»

«ድርጅት ከሆነ ስሙ ይወጣል» አለች ሰብለ። የራሷን ስልክ ከፍታ የባንኩ አፕ ውስጥ ገባች። ገንዘብ ማስተላለፊያው ላይ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፈች፤ መጠኑ ላይ 1 ብር አለች። «ከማረጋገጤ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳየኛል። ስሙን አይተን እንሰርዘዋለን።»

ፍሬው ውኃ ሊጠጣ ወደ ማድቤት ገባ። ስክሪኑ ላይ ክቡ ዞረ፣ ዞረና ቆመ።

የተቀባይ ስም፦ አስካለ ገብረ ማርያም ደስታ።

ሰብለ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን በደረቷ ደፋችው። ሄኖክ ዱባይ የገባ ሰሞን ለእናቱ ብር ልልክበት ብሎ ያስከፈተው ሒሳብ እንዳለ ታውቃለች፤ ደብተሩ የት እንዳለ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ደግሞም እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ስልክ ያነሣሉ እንጂ አይደውሉም። ሰው በስማቸው ቢነግድ እንኳ በምን ያውቃሉ? እንዲህ እያለች ራሷን ልታሳምን ስትሞክር ቀና አለች።

እማማ አስካለ ከሶፋው ተነሥተው አጠገቧ ቆመዋል። ወደ ማድቤቱ በር አየት አደረጉ፤ ልጃቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና እጃቸውን በሰብለ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ስሙ ወጣ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ። «በሞቴ፣ ለፍሬው እንዳትነግሪው። ሄኖክ ያለው ዱባይ አይደለም።»

(ይቀጥላል)