ማሾ፦ ዋጋው ባሕር ማዶ የሚያድረው እህል

ማሾ ከአተር የሚያንስ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ሐምሌ ተዘርቶ ጥቅምት ሳያልቅ ይነሳል፤ እንደ ጥራጥሬ ዘመዶቹም አፈር ያለማል። ስለ አዘራሩ ይኸው ይበቃል፤ የይፋት ገበሬ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ዋጋውን ነው።

ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የይፋት ቆላ የቤቱ ቀለብ ማሽላ ነው። ማሾ ግን ጎተራ አያውቅም፤ ከአውድማ ተነስቶ በማዳበሪያ ይገባና ወደ ሚዛን ይሄዳል። የልጆች ደብተር፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የሠርግ ወጪ ሲነሳ «ማሾው ይድረስና» ይባላል። ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰብል፣ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ እንኳ፣ ቡናና ሰሊጥ በሚወደሱበት መድረክ ስሙ አይነሳም። ይቆጨኛል።

ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ጣት ሁሉ ወደ ደላላና ወደ ነጋዴ ይቀሰራል። አንድ የገበያ ቀን ማጀቴ ላይ አንድ ነጋዴ ክንዱን እስከ ክርኑ ማዳበሪያው ውስጥ ሰዶ ከሥር አንድ እፍኝ አወጣ። እፍ አለበት፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበረ፤ ከዚያ ካለፈው ሳምንት ያነሰ ዋጋ ጠራ። ሻጩ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ቢዘርፈኝ አይገርመኝም፤ የገረመኝ ባለፈው ሳምንት አለመዝረፉ ነው» አሉኝ።

ነገሩን ጨርሰውታል። ነጋዴው አምናም ዘንድሮም ማትረፍ ይፈልጋል፤ ፍላጎቱ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው ለምን አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል? መልሱን መፈለግ ያለብን ማሾ ተልኮ ከሚበላበት ከባሕር ማዶ ነው። ቻይና ቡቃያውን እንደ አትክልት ትበላዋለች። ኢንዶኔዥያ በኮኮናት ወተት ጣፋጭ ገንፎ ትሠራበታለች። ህንድ ደግሞ በማምረትም በመብላትም ከዓለም ቀዳሚ ናት። ስለዚህ ህንድ ውስጥ ዝናቡ ሲሰምር ከውጭ የምትገዛው ይቀንሳል። መንግሥቷም እጁን ያስገባል፤ ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ማሾና ኡራድ የተባለው ጥቁር ዘመዱ አንድ ላይ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ኩንታል በላይ እንዳይገቡ ገደበ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የማሾን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.፣ መልሶ ዘጋው። የኒው ዴልሂ ባለሥልጣን የራሱን ገበሬ ነው የሚያስበው፤ ማጀቴን ከነመኖሯም አያውቃት። ጭነቱ ወደ ሌላ ሀገር ቢዞር እንኳ፣ ከየሀገሩ የመጣው ሻጭ ሁሉ እዚያው ስለሚጎርፍ ዋጋው ይላላል።

ሽምብራም ወደ ውጭ ይላካል እኮ። የውጭ ገዢ ፊቱን ሲያዞርበት ግን ጾም አለለት፤ ሽሮ አስፈጪ ሁሉ ያነሳዋል። ማሾ ይህ መከታ የለውም። ንፍሮ አድርገው የሚቀምሱት ቤቶች ቢኖሩም የተረፈውን ኩንታል አይጨርሱም። ዋጋ እስኪመለስ ይቀመጥ ቢባል ደግሞ ነቀዝ ይፈጀዋል።

ወቀሳም አለኝ። የማሾ ፍሬ አንድ ላይ አይደርስም፤ ከታች ያለው ጠቁሮ ሲደርቅ ከላይ ያለው ገና ያብባል፤ የደረቀው ከዘገየ ፈንድቶ ይረግፋል። በዚህ ምክንያት ሴቶችና ልጆች ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ በእጃቸው ይለቅሙታል። እንዲህ የተለፋበትን ባዶ መሬት ላይ ወቅቶ ከጠጠር ጋር መቀላቀል ግፍ ነው፤ አንድ ሸራ ስንት ቢያወጣ ነው? ሚዛን እንዲደፋለት ውሃ የሚረጨው ነጋዴ ደግሞ ይብሳል። እርጥብ ማሾ መርከብ ላይ ይሻግታል፤ ስሙ የሚጠፋውም የይፋት ነው።

ለአዲስ አበባ ባልትና ቤቶችና ለምግብ ቤት ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ማሾ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይበስላል፤ ክኩ እንደ ምስር ወጥ ይወጣዋል፤ ከሽምብራ ጋር ተፈጭቶም ሽሮ ይሆናል። ለሚቀጥለው ጾም ጥቂት ኩንታል አስመጡና ምግብ ዝርዝራችሁ ላይ አስገቡት፤ ኒው ዴልሂ በር ስትዘጋ የይፋት ገበሬ የሚያንኳኳው ሌላ በር ይኑረው።