ሦስቱ ልጃገረዶችና የእንጦጦዋ እቴጌ

ተረት የማይወድ ማን አለ? ልጆች ሳለን እሳት ዳር ተቀምጠን ከእናቶቻችን አፍ ሰምተናል። ተረት ግን በጆሮ ብቻ አይመጣም፤ በስዕልም ይመጣል። ስዕሎቹ በተርታ ይሳላሉ። ከጎናቸው ጥቂት ቃል ይጻፋል። ይህን ስዕላዊ ተረት እንለዋለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሰዓሊዎቻችን የንግሥት ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ስዕሎች ከፍለው ጨርቅ ላይ ይስላሉ። ዘንዶው ሲገደል፣ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ሁሉም በየተራው ይታያል።

በዘመናችን ደግሞ «ጥበብ ገርልስ» የሚባል መጥቷል። «ገርልስ» ማለት ልጃገረዶች ማለት ነው። ያዘጋጀው አዲስ አበባ የሚገኘው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። እሷም መምህርት ነበረች።

ጀግኖቹ ሦስት ልጃገረዶች ናቸው። ሌላ ሰው የሌለው ልዩ ኃይል አላቸው። ጠላታቸው ግን ዘንዶ አይደለም፤ ጎጂ ልማድ ነው። አንዲት ልጅ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ይደርሱላታል። በወር አበባዋ አፍራ ከትምህርት ቤት ለምትቀረውም ይቆማሉ።

ስማቸውንም እናስተውል። ጥበብ እውቀት ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ጥበብ ይባላል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠው ይኸው ነው። አንዱ ክር ብቻውን ይበጠሳል። ሲሸመን ግን ይጠነክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

«ይህማ ተረት ነው፤ ሴት የት ተዋግታ ታውቃለች?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ እንጦጦ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በፊት የምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ከተማ እንጦጦ ነበረ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የጫኑትም እዚያው፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገር ሲወር እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። መቀሌ ላይ ጠላት ምሽግ ውስጥ ገብቶ አልበገር አለ። እቴጌ ግን «ምንጩን እንያዝበት» ብለው መከሩ። ምንጩ ተያዘ፤ ጠላት ውኃ ጠማው፤ ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ሴቶቹ ለተዋጊው ውኃ አደረሱ፣ ቁስለኛውን ረዱ። ሰዓሊዎቻችን የአድዋን ጦርነት ሲስሉ እቴጌን በፈረስ ላይ ሽጉጥ አስይዘው ያሳዩናል። ምኒልክ ካረፉ በኋላ እቴጌ እንጦጦ ተቀመጡ። በ1910 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ እቴጌ የተረት ኃይል አልነበራቸውም። የነበራቸው ብልሃትና ኅብረት ነው። ይህ እኮ ለእኛም አይጠፋም።

የዛሬው ውጊያ በየሰፈራችን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ሕፃን የሚያገባውን በእስራት ይቀጣል። ሕግ ግን ብቻውን በር አያንኳኳም። ወሬውን የሰማች ጓደኛ ለመምህሯ ስትነግር፣ ጎረቤት «ተው!» ሲል፣ እናት «ልጄ ትማር» ስትል ነው ልጅቱ የምትድነው።

ስዕላዊ ተረት ለአዲስ አንባቢ ይመቻል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እናነባለን። ከሰው አፍ በሚወጣው ክብ ውስጥ ያለው ቃል ንግግር ነው። ክቡ ደመና ከመሰለ ሐሳብ ነው። ቃሉ ቢከብደን ስዕሉን እንመልከት፤ ስዕሉ ይረዳናል። ካገኛችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት።

እስቲ ደግሞ እንወያይ። በሰፈራችን ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አለች? ለምን ቀረች? ማንስ ሄዶ ቤተሰቧን ያነጋግር?