ንድፉና ሕንፃው ሲመሳከሩ

ዛሬ የሕንፃ ንድፍ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተርም ይዘጋጃል። ባለሙያው የሕንፃውን አምሳያ ሠርቶ ዙሪያውን እያዞረ ያሳያል። ይሁን እንጂ መልኩ አምሳያውን ስለመሰለ ብቻ ሥራው ተሳክቷል አይባልም። አንድ ምሳሌ እናቅርብ።

በለንደን ከተማ በፌንቸርች ጎዳና ቁጥር 20 የቆመው፣ 160 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሕንፃ የራፋኤል ቪኞሊ ንድፍ ነው። በደቡብ በኩል ያለው የመስታወት ግድግዳ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግንባታው ሳይጠናቀቅ ይኸው ግድግዳ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ወደ መንገዱ ላከው፤ በዚያ ቆሞ የነበረ መኪናም አንዳንድ ክፍሎቹ ቀለጡ። ቪኞሊ እንደገለጹት፣ በንድፉ ጊዜ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ የደረሰው ግን ወደ 72 ዲግሪ ነው። በ2014 በግድግዳው ላይ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመ።

ከዚህ የምንማረው፣ አምሳያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ነው። እኛም የመጠለያ ወይም የመማሪያ ክፍል ንድፍ ሲቀርብልን ማማሩን ብቻ አንይ። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየት ይገባል? ጎርፉ ወዴት ይወርዳል? አቧራ የሚያመጣው ነፋስ በሩን ፊት ለፊት አይመታም ወይ? ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ሥራው ሲያልቅም ንድፉን ይዘን እየዞርን በሜትር እንለካ። ልዩነት ካገኘን ሳንዘገይ እናስመዝግብ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ማፍረስ ወጪው እጥፍ ነውና።