ሞተሩ «ተሠርቷል» ተብሎ ጣርማ በር ላይ ሲጨስ፦ ጥፋቱ የዳገቱ ነው ወይስ የሥራው?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በዶልፊን እየወጣን ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይትጎለጎላል፣ የዘይት መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ ገና ወር አልሞላውም። ተሳፋሪው ሁሉ «ዳገቱ ነው» አለ። ሹፌሩም ይህንን ማመን የፈለገ ይመስል ነበር።

እውነት ነው፣ ዳገቱ ቀልድ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባህር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ ያለ እረፍት ይጎትታል፣ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል። አየር ሲያንስ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ያለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ዳገት ዘይት ወደ ሲሊንደር አያስገባም። ቀድሞ የነበረውን ክፍተት ነው የሚያጋልጠው።

እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። መካኒኩ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ ከዚያ «ቁጥሩ ወርዷል፣ ሞተሩ አልቋል» ይላል። የአምራቹ ቁጥር ግን ለደጋ የተጻፈ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ 70 በመቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ናፍጣ ሞተር እዚያ 21 ወይም 22 ቢያሳይ አይገርምም። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ነው ማወዳደር። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወረደ ያኔ ችግር አለ።

ጭሱም ራሱ ይናገራል። መኪናው አድሮ ሲነሳ ብቻ ጨሶ የሚተው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ላይኛው ክፍል ነው፣ የቫልቭ ጎሚኒ። ሲጎትት የሚጨስና የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ትንፋሽ የሚገፋ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ፒስተንና ፋሻ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራት ከበራ ብሮንዚናውም መታየት አለበት። (ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ቴስታታ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈረውም ጣሊያን ነው። ዋሻውንም ቃሉንም ትቶልን ሄደ።)

ታዲያ ሞተሩ ሲከፈት ምን ይታያል? መጀመሪያ ኮፓው ይወርዳል። ከዘይቱ ጋር የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብሮንዚና እየተበላ ነው። የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ የሲሊኮን ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ሰውየው ሲሊኮን እንደ ቅቤ ቀብቶታል ማለት ነው። ያ ብቻውን ሞተር ይገድላል።

ከዚያ ልኬት ነው። በዓይን ማየት፣ በጥፍር መፋቅ ልኬት አይደለም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ፣ መሃል፣ ታች፣ በሁለት አቅጣጫ፣ በጠቅላላ 6 ቦታ ይለካል። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ይታያል። ምልክት ያለበት ፊቱ ወደ ላይ መዞሩም ይጣራል፣ ተገልብጦ የሚገባበት ጊዜ ቀላል አይደለም። የቢዬላ ክዳኖች የየራሳቸው ናቸው፣ ከተቀያየሩ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀራል። በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ መሃል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.03 እስከ 0.07 ሚሊሜትር ነው፣ የፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚመረጠው፣ በውፍረት ስለሚለያይ። ከሶማሌ ተራ የተገኘውን አምጥቶ መግጠም ቁማር ነው።

ማስተካከያውም ከልኬቱ ነው የሚመጣው። ሲሊንደሩ ልኩን ካልሳተ ተፈትጎ በአዲስ ፋሻ ይድናል። ከሳተ ወደ ቀጣዩ ልክ ተቦርቡሮ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል፣ እሱም ካልሆነ ካሚቻ። ክራንክሻፍቱ ከተጫረ 0.25 ይላጥና ብሮንዚናው በዚያው ልክ ይገዛል። «ብሎኩን በሌላ ልቀይረው» ለሚል ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ነው፣ ሊብሬው ላይም ተጽፏል። የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጉዳይ ይከተለዋል።

የዚያ ዶልፊን ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ተከፈተ። ፋሻው አልተገለበጠም፣ ክዳኖቹም በቦታቸው ናቸው። ሲሊንደሩ ከተፈተገ በኋላ ግን በደንብ ሳይታጠብ ነበር የተገጣጠመው። የሞረዱ ብናኝ ከዘይት ጋር እየዞረ ፋሻውንም ብሮንዚናውንም በልቶታል። ሥራው በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት እስከማያቆሽሽ ድረስ ማጠብ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ ለሁለተኛ ጊዜ ከፈለ። በዚህኛው ግን ደረሰኙ ላይ ሁለት ቁጥር አጽፏል፦ ፒስተን 0.50፣ ብሮንዚና 0.25።