ከምንጣፉ ሥር ምን አለ?

ከስቶን ማውንቴን፣ ጆርጂያ

ይህችን ቤት የገዛናት የአትላንታ አካባቢ የቤት ዋጋ ክፉኛ ወድቆ በነበረበት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ቀን "ይህን አሮጌ ምንጣፍ እንቀይረው" ስትለኝ "ሁለት ዓመት ለማንቀመጥበት ቤት ምን ያደክመናል?" ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። ሁለት ዓመት ያልኩት አገር ቤት የምንገባ መስሎኝ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሕመም ነጻ ነኝ የሚል እጁን ያውጣ! ሻንጣው እንደታሰረ አልጋ ሥር ያረጀበት ሰው ከክላርክስተን እስከ ተከር ሞልቷል። ምንጣፉም "ለጊዜው" እንደተባለ የልጆች ጁስ፣ የስብሰባ ቡና፣ የዕጣንና የቁሌት ሽታ እየጠጣ አሥራ አምስት ዓመት ተሻገረ።

ዛሬ ልጆቹ ወጥተው ሄደዋል፤ ቤቷን ልንሸጣት ነው። የጠራናት አበሻ የቤት ሽያጭ ወኪል ገና በሩን እንዳለፈች ቆም አለችና "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ገዢ መጀመሪያ የሚገባው በአፍንጫው ነው። ይህ ምንጣፍ ይውጣና ላሚኔት ይነጠፍ" አለችኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ወለል ሳጠና ከረምኩ። ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ብዙ ስለሆናችሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ላሚኔት ፐርስቶርፕ የተባለ የስዊድን ኩባንያ በ1977 የፈጠረው፣ ወደ አሜሪካ ደግሞ በ1994 ፐርጎ በሚል ስም የገባ ወለል ነው። በሙቀትና በግፊት የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ፣ በላዩ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት፣ ከዚያ በላይ ጭረት የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን አለው። እንግዲህ የምትገዙት የእንጨት ፎቶግራፍ ነው ማለት ነው። የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ለነበረ ሰው ላዩ ፎቶግራፍ፣ ውስጡ ብናኝ የሆነ ነገር እንግዳ አይደለም። ርካሹን የሚያጋልጠውም ይኸው ፎቶግራፍ ነው፤ ያው አንድ መልክ በየሦስተኛው ጣውላ ይደጋገማል። አንድን ፎቶ በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ እንደማተም ያለ ነገር ነው፤ ገዢም ያየዋል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ሁለት ሦስት ካርቶን አስከፍታችሁ ጣውላዎቹን ጎን ለጎን ደርድራችሁ እዩ።

ካርቶኑ ላይ ኤሲ የሚል ምልክት ከቁጥር ጋር አለ፤ የሽፋኑን ጥንካሬ ይናገራል። ለመኖሪያ ቤት ኤሲ 3 ይበቃል፤ ሰው ለሚበዛበት ሳሎን ኤሲ 4 ይሻላል። ውፍረቱ ከ7 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቀጭኑ ሲረገጥ ባዶ ሣጥን ይመስል ይጮኻል፤ ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ደግሞ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚዞረው።

ከሁሉ በላይ ግን ጤናን የሚመለከተውን ልብ በሉ። በማርች 2015 የሲቢኤስ 60 ሚኒትስ ፕሮግራም ላምበር ሊኩዴተርስ የተባለው ትልቅ የወለል ነጋዴ የሚሸጠው፣ በቻይና የተሠራ ላሚኔት ከካሊፎርኒያ ደረጃ ያለፈ ፎርማልዴሃይድ እንደሚያወጣ አጋለጠ። ኩባንያው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሽያጩን አቆመ፤ በ2019 ደግሞ ባለአክሲዮኖችን አሳስቷል በተባለበት ክስ 33 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ሲዲሲ በ2016 የካንሰር ስጋቱን ገምቶ ካወጣ በኋላ የጣሪያውን ከፍታ ሲያሰላ መሳሳቱን ደረሰበትና ግምቱን ከፍ አድርጎ በይፋ አረመ። (እኔ በሠራሁበት ጋዜጣ እርማት የሚወጣው የባለሥልጣን ማዕረግ ሲሳት ብቻ ነበር!) ዛሬ የፌዴራሉ ሕግ ስላለ ካርቶኑ ላይ ቲኤስሲኤ ታይትል 6 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትታችሁ ውጡ። ለማታውቁት ሰው ልጆች ነው የምታነጥፉት።

የላሚኔት ጠላት ውኃ ነው። የጆርጂያ ቀይ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ቤዝመንት ይረጥባል፤ በኮንክሪት ላይ ከሆነ ከሥሩ ፕላስቲክ መዘርጋት ግድ ነው። ጣውላውም ከመነጠፉ በፊት ካርቶኑ ለሁለት ቀን ያህል ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በግድግዳው ዙሪያም ለመለጠጫ ሩብ ኢንች ያህል ክፍተት ይተዋል። ይህን የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ቤዝመንታችንን ላሚኔት አልብሰን በእንቁጣጣሽ ዕለት እርጥብ ቄጠማ ጎዘጎዝንበት፤ እንግዳ አምሽቶ ስለነበር ሳይጠረግ አደረ። በማግሥቱ ጣውላዎቹ በየመጋጠሚያው አብጠው ነበር። ያበጠ ላሚኔት እንደ እንጨት ተልጎ አይስተካከልም፤ መንቀል ብቻ ነው። የቡናው ከሰል ጠብ ካለበትም ያው ነው። ቄጠማ ለሚጎዘጎዝበት ቤት፣ ለወጥ ቤትና ለቤዝመንት ውኃ የማያስገባው ቪኒል ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ለሳሎኑና ለኮሪደሩ 600 ስኩዌር ፊት ለካሁ፤ ለብክነት አሥር በመቶ ጨምሬ 660 አደረግሁት። ሊከፈል የቀረው ገንዘቡ ብቻ ነበር። ሊያነጥፍልን የመጣው ወጣት ያገራችን ልጅ ግን "ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጥጉን ላንሳው? ቤቱ የ1960ዎቹ ነው ብለውኛል" አለኝ። በፒንሳ ይዞ የምንጣፉን ጫፍ ሳብ አደረገው። አቧራው ጨሰ። ከሥሩ ቢጫ፣ ጠባብ ጠባብ ጣውላ ታየ። ኦክ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስንረግጠው የኖርነው የእውነት እንጨት ነው።

በዚህ አካባቢ በዚያ ዘመን በተሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ይህ ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ የሪልተሮች ማኅበር በ2022 ባወጣው ጥናት የቆየ የእንጨት ወለልን አድሶ መቀባት ከወጣበት ገንዘብ 147 በመቶ ይመልሳል ብሏል። እኔ ግን ይህን እንጨት በፎቶግራፉ ልሸፍነው ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ ከምንጣፉ ሥር የወጣው እንጨት ሳይሆን አሮጌ፣ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ ንጣፍ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላልና አትፋቁት፤ አስመርምሩት።

ኦክ የሌለው በኋላ የተጨመረው ክፍል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ላሚኔቱ እዚያ ተነጠፈ። ሳሎኑ ተፍቆ፣ ተቀብቶ፣ ሦስት ቀን ደረቀ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ሄደችበትና ዞራ አየችኝ።

"ይህን ለሰው ነው እንዴ ያሳመርከው?" አለችኝ።

"የሚሸጥ" የሚለው ምልክት ባለፈው ሰኞ ግቢው ውስጥ ይተከላል ተብሎ ነበር። እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ነው።