የመታጠቢያ ቤት እድሳትና የግንበኛ ስሕተት

ቤቱን የሚያሳድስ ሰው የመጨረሻዋን ቀን በናፍቆት ይጠብቃል። ሲሚንቶውና አሸዋው ከደጅ ተነሥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ልጆች እንደ ቀድሟቸው ገላቸውን የሚታጠቡበትን ጊዜ ያስባል። ዳሩ ግን ብዙ እናቶች እንደሚያውቁት፣ ጉድለቱ አንድ በአንድ ብቅ ማለት የሚጀምረው ግንበኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ውሃው ወደ ማፍሰሻው በመውረድ ፈንታ በር ሥር ይተኛል፤ ሴራሚኩ ይላቀቃል፤ ከፍሳሽ ቱቦው ክፉ ጠረን ይመጣል፤ ግድግዳውም ይወይባል።

መታጠቢያ ቤት ከሳሎንም ሆነ ከመኝታ ክፍል የተለየ ነው። የሳሎን ቀለም ቢበላሽ ዓይንን ከማስከፋት አያልፍም። የመታጠቢያ ቤት ስሕተት ግን ተሸፍኖ ይቆይና በወለልና በግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሦስተኛው ፎቅ የፈሰሰው ውሃ በሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ ይታያል፤ የአንዱ ቤት እድሳት የሌላው ቤት ጣጣ ይሆናል።

ለምሳሌ ከዕቁቧና ከደመወዟ አጠራቅማ መታጠቢያ ቤቷን ያሳደሰች አንዲት ሠራተኛ እናት እንውሰድ። ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት ከታች የሚኖሩት ጎረቤት ጣሪያቸው መራሱን ይነግሯታል። ግንበኛው ሲጠራ «የቧንቧ ሠራተኛው ጥፋት ነው» ይላል። የቧንቧ ሠራተኛው በበኩሉ «እኔ የገጠምኩት አያፈስም፤ ሴራሚክ የለጠፈው ሰው ነው የነካው» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ ሌላ ሰው አስመጥታ ወለሉን ታስቆፍራለች፤ ገንዘቧም ሁለት ጊዜ ይወጣል። ይህች እናት የተጎዳችው ስሕተቱ የማን እንደሆነ የምታረጋግጥበት ማስረጃ ስላልነበራት ጭምር ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ለዚህም የባለሙያ ዕቃ አያስፈልግም።

የወለሉን አጣጣል ለማወቅ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ወለሉ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው ዝቅ ማለት አለበት። የልጆች ብይ ቢቀመጥበት እንኳ ወዴት እንደሚንከባለል ማየት ይቻላል። ውሃው ከተኛ ግንበኛው ውሃ ልኩን በሚገባ አልተጠቀመም ማለት ነው።

ሴራሚኩን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብሎ ማንኳኳት ሌላው ዘዴ ነው። እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ በቡኬት አልሞላም፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል ወይም ይነቀላል።

ክፉ ጠረን ካለ ሲፎኑን ማየት ነው። ሲፎን የሚባለው ጎበጥ ያለው የቱቦ ክፍል ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ ስለሚቀር የፍሳሹን ጠረን ያግዳል። ለብዙ ቀናት ውሃ ያልፈሰሰበት እንደሆነ ሊደርቅ ይችላልና በመጀመሪያ ውሃ መጨመር ይገባል። ጠረኑ ካልጠፋ ግን ሲፎኑ አልተገጠመ ወይም በትክክል አልተገጠመ ይሆናል።

የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን መመልከት ይጠቅማል። ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው ከዞረ ውሃው የሚሄድበት ስፍራ አለ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማድረግ የሚገባው ውሃው በመጣበት ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧ ወይም የውሃ ማሞቂያ ሲነካ እጅን የሚነዝር ከሆነ ወዲያውኑ መብራቱን ከማከፋፈያው አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ይህ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ከግንበኛው ጋር እንዴት መነጋገር ይገባል? በመጀመሪያ ምንም ሳይነካ ፎቶግራፍ ማንሣትና ቀኑን መመዝገብ ነው። በሌላ ሰው ካስጠገኑት በኋላ የቀድሞውን ስሕተት ማስረዳት ያስቸግራልና። ከዚያም ጉድለቶቹን በቁጥር ለይቶ በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ግንበኛውን በቦታው ጠርቶ ማሳየት፣ የሚያስተካክልበትንም ቀን በጽሑፍ መስማማት ነው። ስድብና ዛቻ ወለል አያስተካክልም። በሚገባ ለተሠራውም ክፍል ተገቢውን ዋጋ መከልከል ባለቤቷን ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ይለውጣታል። ግንበኛው እምቢ ካለ ሙያውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሥራውን አይተው ቢፈርዱ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚረዳው ማስረጃ ላለው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አጭር ውል መጻፍ ይገባል። የሚሠራው ሥራ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የእጅ ዋጋው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ስሕተት ሲገኝም ማን እንደሚያስተካክል ይገለጽበት። ቀብዱ መጠነኛ ይሁን፤ ክፍያው ሥራው እየታየ ይከፈል፤ ጥቂቱም ገላ መታጠቢያው ለተወሰኑ ሳምንታት እስኪፈተን ድረስ እንዲቆይ አስቀድሞ መስማማት መልካም ነው። የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም ከውሉ ጋር ይቀመጥ።

ሁለት ቀኖችን ደግሞ ከሥራም ፈቃድ ጠይቆ ቢሆን በቦታው መገኘት ይጠቅማል። አንደኛው የቧንቧው መስመር በልስን ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተለቆ የሚፈተንበት ቀን ነው። መስመሩ የሚያልፍበትን ግድግዳ ያን ቀን ፎቶግራፍ ማንሣት ኋላ ሚስማር ሲመታ ቧንቧ ከመብሳት ያድናል። ሁለተኛው ውሃ የማያሳልፈው ልባስ ከተቀባና ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ያለው ቀን ነው። ማፍሰሻውን ደፍኖ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ በወለሉ ላይ ለ24 ሰዓት ማቆየት፣ ለታች ጎረቤትም አስቀድሞ ነግሮ ጣሪያቸውን አብሮ ማየት ነው። የግንበኛው ቀን አንድ ቢረዝም የባለቤቷ ዕዳ ያጥራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ግንበኛ ሁሉ አታላይ አይደለም። ብዙው በላቡ የሚያድር፣ ስሙንም የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው፤ ስሕተቱ በጊዜና በአግባቡ ሲነገረው ያርማል። የቤቷን ሥራ ቀርባ የምትከታተል እናትም ቤተሰቧን ከወጪ፣ ጎረቤቷን ከጉዳት፣ ግንበኛውንም ከክርክር ታድናለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።