አንድ በር፣ ሁለት ስም፦ ልጆቻችን የከተማቸውን ታሪክ ሲጠይቁን

ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን የታሪክ መምህሯ የቤት ሥራ ሰጣቸው። “ሐረርን ከውጭ መጥቶ የገዛት ማን ነው? ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠይቃችሁ ጻፉ” የሚል ነበር። ቤታችን ከሸዋ በር ገበያ ብዙም አይርቅም። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ቁጢዋን እየጠጣች ወደተቀመጠችው እናቴ ነው።

“እማማ፣ ሐረርን የገዛት ማን ነው?”

“ጣሊያን ነዋ! እናቴ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር እስከ እርጅናዋ ድረስ ትደነግጥ ነበር።”

“ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊትማ ምኒልክ አቀናት፤ ራስ መኮንን አስተዳደራት።”

ቀጥላ ግድግዳ የምንጋራቸው ሐረሪ ጎረቤታችን ዘንድ ሄደች። አዛውንቱ በጣታቸው ቆጠሩላት። “አንድ ግብፅ፣ ሁለት ምኒልክ፣ ሦስት ጣሊያን። የአባቴ አያት ጨለንቆ እንደወጡ አልተመለሱም” አሏት።

ማታ ደብተሯን ከፊቴ ዘረጋችው። “አባዬ፣ ከሁለት አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት ነው?”

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ “መጽሐፉ ያለውን ጻፊና ተገላገይ” የሚል ነበር። ብዙ ወላጅ እንዲህ የሚል ይመስለኛል። ነገሩ ይከብዳል። የሰው ቤት ሐዘን አለበት፤ ጉርብትና አለበት። መማሪያ መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩን በቃል የሚያውቁት አያቶች አያነቡትም። ግን እኛ ዝም ካልን ልጁ መልሱን የሚያገኘው ከስልኩ ነው። እዚያ ደግሞ የሚጮኽ እንጂ የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንዱን ገጽ ሦስት ቦታ ከፈልነው። በመጀመሪያው፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች የሚስማሙበትን። በሁለተኛው፣ አንዱን ነገር በየትኛው ቃል እንደሚጠሩት። በሦስተኛው፣ ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ።

የመጀመሪያው ዓምድ ካሰብነው በላይ ሞላ። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. በራውፍ ፓሻ መሪነት ገቡ፤ አሚር መሐመድን ገደሉ፤ እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። እነሱ ሲወጡ የተገደሉት አሚር ልጅ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የምኒልክ ጦር የአሚሩን ጦር አሸነፈ፤ ሐረርም ለራስ መኮንን ተሰጠች። ጣሊያን መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ክፍት ከተማ የተባለችውን ሐረርን ከአየር ደበደበ፤ በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ከአርባ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 30 ቀን ገባ፤ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ተባረረ። በዚህ ሁሉ እናቴም ጎረቤታችንም አልተለያዩም።

ልዩነቱ ሁለተኛው ዓምድ ላይ መጣ። የ1879ኙን ነገር እናቴ “ማቅናት” አለችው፤ ጎረቤታችን “ወረራ” አሉት። በዚህ ቃል የታሪክ ምሁራንም ሲከራከሩ ኖረዋል። እኛ ወላጆችስ ብንሆን በንጉሡ ዘመን፣ በደርግ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተማርነው አንድ ዓይነት መች ነበር? ለልጄ ያልኳት ይህንኑ ነው። “ማንም አልዋሸም። አንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ድል፣ በሌላው ቤት ልቅሶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፊ፤ የማን ቃል እንደሆነም ጻፊ።”

ቅዳሜ ለቅዳሜ በእግራችን ወጣን። የሸዋ በር ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። በአማርኛ ሸዋ በር ነው፣ በሐረሪኛ አስመዲን በሪ። አንድ በር ሁለት ስም አለው፤ በሁለቱም ስም የሚጠራው ሰው የሚያልፈው በአንዱ በር ነው። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ውስጥ ገብተን ፈረስ መጋላ ስንደርስ ለጨለንቆ ሟቾች መታሰቢያ የቆመውን ሐውልት አየን። እዚያው አጠገብ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግብፆች የሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ልጄ አንዴ ሐውልቱን፣ አንዴ ጉልላቱን እያየች ዝም አለች።

ከጁገል ውጭ ባለው አደባባይ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ የቀረጹት የራስ መኮንን ሐውልት ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቀ። የወደቀ ዕለት ልጄ ትንሽ ነበረች፤ በር ዘግተን መቀመጣችንን ብቻ ታስታውሳለች። ራስ መኮንን ሐረርን የገዙ፣ በአድዋም የጣሊያንን ወራሪ የተዋጉ አንድ ሰው መሆናቸውን ስነግራት “ሁለቱም እሳቸው ናቸው?” አለች። አዎ፣ ሁለቱም እሳቸው ናቸው።

ታሪኩ በ1933 አያበቃም። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ በተባለው እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ። እናቴ ይህን ከጎረቤታችን የሰማችው ገና ዘንድሮ፣ በዚህ የቤት ሥራ ምክንያት ነው። ስንት ዓመት ቡና ተጠራርተው!

ወላጆች፣ አያቶች፣ ከዚህ የቤት ሥራ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ልጅ ሲጠይቅ ያያችሁትን “አየሁ”፣ የሰማችሁትን “ሰማሁ” በሉት። ዓመቱን ካላስታወሳችሁ “ጣሊያን ሳይገባ”፣ “ሠርጌ በሆነ ዓመት” ብትሉም ይበቃል፤ እሱ ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክረው። ሐዘናችሁን አትደብቁ፤ ቂም ግን አታውርሱ። ከእናንተ የተለየ ትዝታ ያለው ጎረቤት ካለ ልጁን ራሳችሁ ላኩት። ከተማው ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየምም የድሮ የእጅ ጽሑፎችንና ሐረር ያሳተመቻቸውን ሳንቲሞች ያሳያል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ልጄ ጽሑፏን ከማስረከቧ በፊት ለሁለቱም፣ አንድ ላይ አስቀምጣ በአማርኛ አነበበችላቸው። እናቴ አንድ ቦታ አቋረጠቻት። ጎረቤታችንም አንድ ቦታ አቋረጧት። ሁለቱም ያረሙት የየራሳቸውን ነበር፤ የሌላውን አልነኩም። ሲያበቁ አዛውንቱ “አቦ፣ እንደሱ ጻፊው” አሏት፤ እናቴም ቁጢውን ደገመችላቸው።